ልቃቂት

አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣
ነሐሴ መስኮቱን ሲደበድብ፣ ሲያባራ፣ ደግሞ ሲያስገመግም፣
ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደፍቼ
አንዲት ልቃቂት እጠብቃለሁ።

ከፀጉር በቀጠነች ቦይ መሐል
በገዛ ክሯ ተጠቅልላ፣
ጫፏን ከጉያዋ ሸሽጋ፣
ማንንም ሳትነካ፣ ማንም ሳይነካት።
"ተኝታለች" ብዬ ጽፌ ነበር፤ ዶክተር ውብዓለም ሰረዙት፦
"ሞለኪውል አይተኛም፤ አያፍርም፤ ሆድ አይብሰውም።
ያየሽውን ብቻ ጻፊ።"
ያየሁትን ጻፍኩ፦ ተጣጥፋለች።

ፓምፑን ከፈትኩ። ፈሳሹ ሄደ፤
ከግድግዳው ጥግ እየተጎተተ፣ ከመሐል እየነጎደ፤
አንዱ ጎኗ ቀድሞ፣ አንዱ ጎኗ ቀርቶ
ተንከባለለች እንጂ አልተፈታችም።
ጨመርኩ። ተንከባለለች።
ጨመርኩ። ተንከባለለች።
ሰው በገፉት መጠን ይከፋዋል፤
ድንጋይም ጥቂት ጥቂት ይሸረፋል፤
እሷ ግን ልክ አላት፤ ልኳ እስኪነካ
ጎርፍ ቢያልፍባት ቁብ አትሰጥም ለካ።

ልኳ ተነካ።
አንድ ጫፍ ብቅ አለ፣ እንደ ልጅ ምላስ፤
ፍሰቱ ጫፉን ያዘ፤ ከዚያማ ማን ይመልስ!
ተተረተረች፤
ቦዩን ተከትላ ቀጥ አለች፤
ከዚያ ጅራቷ ራሷን ቀድሞ ተገለበጠች፣
ተሰበሰበች፣ እንደገና ተዘረጋች፣
አንዴም ሳታርፍ።

የደም ልጅ ናት። በሰላሙ ጊዜ
እጆቿን በእጥፋቷ ውስጥ ቀብራ ትዞራለች፤
ሥር ሲቀደድ፣ ደሙ በቀዳዳው ሲጣደፍ፣
የሚገፋት ራሱ ይፈታታል፤
ያኔ ነው እጆች እንዳሏት የሚታወቀው፤
አንዱን ቁስሉ ላይ፣ ሌላውን አላፊው ላይ ጥላ
"ቁም" ትላለች።

የእኔ ግን አትልም።
ነስር ያሳደገኝ ነኝ፦
አራተኛ ክፍል፣ የሒሳብ ደብተሬ ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣
እናቴ አናቴ ላይ የምታፈሰው ቀዝቃዛ ውሃ፣ የሎሚ ሽታ፣
ጎረቤት "ዓይን ነው" ሲል፣ አባቴ "ፀሐይ ነው" ሲል።
በሃያ ሁለት ዓመቴ ጥቁር አንበሳ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፤
ሐኪሙ ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፦
"ክሩስ አለሽ፤ መያዝ አያውቅም እንጂ።"

መብራት ጠፋ።
ፓምፑ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ።
በጨለማው ውስጥ፣ ሳላይ፣ አውቃለሁ፦
እየተጠቀለለች ነው።
ግን ያየሽውን ብቻ ጻፊ ተብያለሁ።

ወጣሁ። ቁልቁል ወደ ግንፍሌ።
ድልድዩ ብረት ላይ የተጠለፈ የካሴት ክር፣
ውሃው ሲዘገይ ተጨማዶ፣ ሲጣደፍ ተወጥሮ፣
የማን ድምፅ እንደሆነ እንጃ፣ የስንት ዓመት፣
ጎርፉ ላይ ይንቀጠቀጣል።
ጎንበስ ብዬ ሳይ አፍንጫዬን ሞቀኝ።

ሰዉ ይጎርፋል፤ ታክሲ ሊሳፈር፣ ከዝናብ ሊያመልጥ፤
ዳር ዳሩን ቀስ የሚል፣ መሐል መሐሉን የሚሮጥ፤
ደሜ በጣቶቼ መሐል ወረደ።
በተሰበረ ጃንጥላ ሥር፣ ጉልበቷን አቅፋ፣
ከከሰሏ ጋር የተኮራመተች በቆሎ ጠባሽ ነበረች፤
በየቀኑ አልፌያታለሁ፤ ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም።
ተነሣች።
እንዲህ ረጅም መሆኗን ማን አየ!
በአንድ እጇ ማጅራቴን፣ በአንድ እጇ አፍንጫዬን ይዛ
"ቀና አትበዪ! ጎንበስ! በአፍሽ ተንፍሺ!"
መቀነቷን ፈትታ ደሜን ጠረገች፤
አላፊውን በክርኗ አቆመች፤
ምን ያህል እንደቆየን ልኩን አላውቅም።
ስሟን ኋላ ጠየቅኳት፤ ወርቅያንጥፉ።

ማታ ደብተሬን ከፈትኩ፣ ያየሁትን ብቻ ልጽፍ፦
ነሐሴ አራት፣ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ግንፍሌ ድልድይ።
ፍሰት፦ ከባድ።
ዶክተር ይሰርዙታል፤ ይሁን፤
ተዘረጋች።
በቆሎው አርሯል። ልክፈል ብላት እንቢ አለች።